ጋሽ መኩሪያ እና የእስክንድርያ ሰዎች

«ቀበሌ የሚለውን አውጣው።»

«የሠሩት እኮ ቀበሌ ነው።»

«የት እንደሠራ አውቃለሁ። አባቴ ነው። አውጣው ነው ያልኩህ።»

«አውጥቼ ምን ልበል?»

«በጤና ሙያ አገራቸውን አገልግለዋል በል። ዛትስ ኢት።»

ሊዲያ የአባቷ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ የለቀስተኛው ካፖርት እስከ ትከሻዋ ተቆልሏል። ሳሎኑ በሰው ሞልቶ ልብስ የሚሰቀልበት ስለጠፋ፣ የመጣው ሁሉ ካፖርቱን የሟቹ አልጋ ላይ እየጣለ ነው የሚገባው። እኔ ወለሉ ላይ ነኝ፣ ላፕቶፑ ጭኔ ላይ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ተስፋዬ ቁም ሳጥኑን ተደግፈው ቆመዋል። ጋሽ መኩሪያ ነገ ይቀበራሉ። በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የመጻፉ ሥራ ለእኔ የተሰጠው «አንተ ገጣሚ አይደለህ?» ተብሎ ነው። ግጥም ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም፤ የጻፍኩትን ያነበበም ጥቂት ሰው ነው። ሠርግና ለቅሶ ሲመጣ ግን ሁሉም ያስታውሰዋል።

«የእናቴ ወንድሞች ከኦታዋ ይመጣሉ» አለች ሊዲያ። «ትልቁን ወንድማቸውን ከቤቱ የወሰደው የቀበሌ ሰው ነው። እስከዛሬ አልተመለሰም። ቸርች ውስጥ ቁጭ ብለው ቀበሌ፣ ዘመቻ፣ ጓድ ምናምን እንዲሰሙ አልፈልግም።»

«አባትሽ እኮ ሽንት ቤት ነበር የሚቆጣጠሩት።»

«ለነሱ ሁሉም አንድ ነው።»

አቶ ተስፋዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በደርግ ጊዜ ስለ እምነታቸው መከራ ተቀብለዋል ብንልስ?»

«አልተቀበሉም» አልኩ።

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

ሊዲያ ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ደክሟታል። ሁላችንም ደክሞናል።

የለቅሶ የሕይወት ታሪክ አጻጻፉ የታወቀ ነው። ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት ተወለዱ፤ ተማሩ፤ አገለገሉ፤ ሰው ወዳድ፣ ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ። ጋሽ መኩሪያን እዚህ ውስጥ የማስገባበት ቀዳዳ አጣሁ። ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታው በፊት የሚያዩት መስኮቱን ነበር። ጥር ላይ፣ ውጭው በበረዶ ተደፍኖ፣ እንግዳው ጃኬቱን አውልቆ ገና ሊቀመጥ ሲል፣ ሄደው ይከፍቱታል። «ጋሼ፣ ሂተሩ እኮ በከንቱ ነደደ» ይላል አንዱ። «አንተም በከንቱ አትንደድ» ይሉታል፤ ከዚያ ተመልሰው የጀመሩትን ወሬ ይቀጥላሉ።

አዲስ አበባ ሳሉ ሳኒታሪያን ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌ። ቤት ለቤት እየዞሩ ሽንት ቤትና ኩሽና ይቆጣጠራሉ። ክትባት ሲመጣ ድምፅ ማጉያ ይዘው ሰፈሩን ይጠራሉ። ለጽዳት ዘመቻ ሰውን ከቤቱ አስወጥተው ቦይ ያስጠርጋሉ፤ ያልወጣውን በስብሰባ ላይ በስሙ ጠርተው ያስነሡታል። ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ አይኮሩም፣ አያፍሩምም። «ያ መንግሥት የሰው ልጅ ገድሏል። ያ መንግሥት የሰው ልጅ አስከትቧል። እኔ ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱን ስታወራ ሌላውን እርሳው የሚለኝ ሰው ነው ያልገባኝ» ይላሉ። የሚደጋግሙት አባባል ደግሞ «በሽታ የግል ንብረት አይደለም» የሚል ነበር። መሬት ሲወረስ፣ ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ በሽታም አብሮ ተወርሷል፤ እሱን ብቻ ለባለቤቱ የመለሰ መንግሥት የለም እያሉ ይቀልዳሉ።

ወደ እምነት እንዴት እንደመጡ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ኮልፌ አካባቢ አንድ ግቢ ሽንት ቤት ሊያዩ ገቡ። ሽንት ቤቱ ደህና ነው። ከጓዳ በኩል ግን ሳል ሰሙ። በሩን ሲገፉት፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ተፋፍጎ ተንበርክኳል። ያኔ እንዲያ ተሰብስቦ መጸለይ የሚያሳስር ነበር። ካኪ የለበሰ ሰው ሲያዩ አንዳንዶቹ እጃቸውን አጣምረው ለመታሰር ተነሡ። እሳቸው ያዩት ሌላ ነው፦ የታፈነውን አየር፣ ጥግ ላይ በነጠላዋ አፏን ይዛ የምትስለውን ሴት።

«መስኮቱን ክፈቱ» አሏቸው።

«ጌታዬ፣ ድምፅ ይወጣል» አለ አንዱ።

«እንግዲያው መስኮቱን ክፈቱና አፋችሁን ዝጉ።»

በሳምንቱ ትእዛዛቸው መከበሩን ሊያዩ ተመለሱ። መስኮቱ ተከፍቷል። ሰዎቹ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ይጸልያሉ። ከሴትየዋ ሌላ የሚስል መኖሩን ለመለየት ጥግ ተቀመጡ። «ለቁጥጥር ገብቼ ቀረሁ» ነው የሚሉት። ስለ እምነታቸው ከዚህ የረዘመ ምስክርነት ሲሰጡ ሰምቼ አላውቅም። ወንድም መኩሪያ ተብለው ሲጠሩም ፊታቸው ብዙ አይፈታም። «ጓድ ሲሉኝም ስብሰባ ነበር፣ ወንድም ሲሉኝም ስብሰባ ነው።»

ቶሮንቶ ከመጡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ ኖሩ። እኔ ያወቅኳቸው ከዚያ በኋላ ነው፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ከሁለት ልጆች ጋር ክፍል በተጋራሁበት ሕንፃ ውስጥ። ዓርብ ዓርብ፣ ምድር ቤት ባለው የነዋሪዎች አዳራሽ፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ያስተምራሉ። መጀመሪያ የሄድኩት ለሻይና ለሳምቡሳው ነበር። ስለ ሰማዕታትና ስለ አንበሳ እሰማለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ እሳቸው «ጳውሎስ ቆሮንቶስ ሲኖር ሽንት ቤት የሚሄደው የት ነበር?» ብለው ጀመሩ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

«አትሳቁ» አሉ። «ጳውሎስ ሰው ነው። ቆሮንቶስም ከተማ ነው።»

ትምህርታቸው ሁሉ እንዲህ ነበር። ሮም ውስጥ ድሃው የሚኖረው ላይኛው ፎቅ ነው፤ ገንዘብ ያለው ታች፣ ውሃው አጠገብ። የላይኛው ውሃውን በትከሻው ያወጣል፣ ቆሻሻውን በመስኮት ይደፋል፣ እሳት ሲነሣ መጨረሻ ይሰማል። የእኛ ሕንፃ ኤሌቬተር በተበላሸ ቁጥር፣ ደረጃው ላይ የገበያ ከረጢት ይዞ የሚያለከልከውን ሰው «እንግዲህ ሮም ገባህ» ይሉት ነበር። አማኞቹ የሚሰበሰቡት ጉልላት ሥር ሳይሆን በተከራዩት ክፍል፣ ከሱቅ በላይ፣ ግድግዳው ሳል በሚያሳልፍ ቤት ነው። «ከተማ ማለት» ይላሉ፣ «የማታውቀውን ሰው ሳል እየሰማህ መተኛት ነው።»

አንድ ዓርብ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ግጥሜን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወረቀቱን አስጠግተው አነበቡት።

«እዚህ ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚኖረው?»

«አንድ። እኔ።»

«ለአንድ ሰው ይሄ ሁሉ ክፍል?» ብለው መለሱልኝ። ሌላ አስተያየት አልሰጡም። ወር ሙሉ ተቀይሜያቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን ሁሉ ግን ያንን ጥያቄ ሳልጠይቀው አላስቀምጠውም።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት የእስክንድርያን ታሪክ ነበር። ወረርሽኝ ገባ፤ ሰው የገዛ ዘመዱን መንገድ ላይ እየጣለ ሸሸ፤ እነዚያ ጥቂት አማኞች ግን ቀሩ። የራሳቸውንም የሌላውንም በሽተኛ አጠጡ፣ አጠቡ፣ ቀበሩ። ብዙዎቹም አብረው ሞቱ። እዚህ ጋ ሲደርሱ የቁጥጥር ድምፃቸው ይጠፋል። «መድኃኒት የላቸውም። በሽታው በምን እንደሚተላለፍ አያውቁም። ያላቸው ውሃና አለመሸሽ ብቻ ነው። በውሃና ባለመሸሽ ስንቱ ተረፈ መሰላችሁ።» ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች፣ የታክሲ ሾፌሮች፣ የፈረቃ እንቅልፍ ያልጠገቡ ሰዎች ናቸው። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ጋሽ መኩሪያ ያንን መነቅነቅ አመኑት።

አሁን የምነግራችሁን ሴት ጽጌ እላታለሁ፤ ስሟ ግን ጽጌ አይደለም። ይህን ጽሑፍ ከማንም በፊት ያነበበችውና ይታተም ያለችው እሷ ናት።

ጽጌ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ ወላጆቻቸው በፈረቃ የሚሠሩ የቤተ ክርስቲያናችንን ልጆች በቤቷ ትጠብቅ ነበር። ኑሮዋ ያ ነው። ሳል ያዛት፣ ከሳች፣ ተመረመረች፤ ሳንባ ነቀርሳ ሆነ። ወላጆቹን «ፍሉ ይዞኛል፣ ለጊዜው አታምጧቸው» አለቻቸው። የከተማው የጤና ቢሮ ነርስ «ከማን ጋር ነው የምትውዪው?» ብላ ስትጠይቃት ደግሞ «ብቻዬን» አለች። ጋሽ መኩሪያ ሳሏን ከኮሪደሩ ለይተውት ስለነበር ሄደው ጠየቋት። ለእሳቸው እውነቱን ነገረቻቸው።

«ልጆቹስ?» አሏት።

«ከተናገርኩ ማን ልጁን መልሶ ያመጣልኛል? በምን እኖራለሁ?»

ሌላ ቀን ተመልሰው ደግመው ጠየቋት። እምቢ አለች።

እሁድ እሁድ ከስብከቱ በፊት የጸሎት ርዕስ የሚነገርበት ሰዓት አለን። እገሌ ኢንተርቪው አለው፣ የእገሊት እናት አገር ቤት ታመውባታል፣ ይባላል። ጋሽ መኩሪያ ተነሥተው ማይኩን ተቀበሉ።

«እህታችን ጽጌ ሳንባ ነቀርሳ ይዟታል» አሉ። «የሚድን በሽታ ነው፤ መድኃኒት ጀምራለች። እሷ ዘንድ ልጅ የሚያውል ሁሉ ዛሬ ነገ ሳይል ያስመርምር። ሐኪሙ ሲፈቅድ ደግሞ በተራ እንጠይቃታለን፤ ምግብ የሚወስድ፣ አብሯት የሚቀመጥ። ማንም እንዳይሸሻት።» ማይኩን መልሰው ተቀመጡ። ጽጌ እዚያ አልነበረችም። ቤቷ ሆና በቀጥታ ሥርጭት እያየች ነበር።

የመጀመሪያው ተፈጸመ። ልጆቹ ተመረመሩ። ጀርሙ ከልጆቹ በሁለቱ ሰውነት ውስጥ ተገኘ፤ ገና ሳያሳምማቸው በመድኃኒት ተገታ። ሁለተኛው አልተፈጸመም። ለተራው እጁን ያወጣ ሰው የለም። ሐኪሙ ከፈቀደላት በኋላም ልጁን የመለሰላት የለም። ኤሌቬተሩ ሲከፈት እሷ ውስጥ ካለች «ሂጂ፣ እኛ የሚቀጥለውን እንይዛለን» የሚሏት አብረዋት ሲዘምሩ የኖሩ ሴቶች ነበሩ። እሷም ቤተ ክርስቲያን መምጣት ተወች። ትንሽ ቆይታ ምሥራቅ ዳንፎርዝ አካባቢ ሌሊት ቢሮ የሚያጸዳ ድርጅት ገባች።

ከወራት በኋላ ባስ ፌርማታ ላይ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ለነርሷ ብቻ ቢደውሉላት ኖሮስ? ማንም ሳይሰማ?»

ወደ እኔ ዞሩ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ የደከሙ ናቸው። «ማንም ሳይሰማ ስልክ የሚደውል ሰው ምን እንደሚባል ታውቃለህ? ጠቋሚ ነው የሚባለው። በዚያ ዘመን በድብቅ በተደወለ ስልክ ስንት ቤት እንደተዘጋ አይቻለሁ። የባለቤቴ ወንድም የሄደው እንደዚያ ነው። የምለውን ሰው ፊት እላለሁ ብዬ ምያለሁ።»

ባሱ ሲመጣ አየነው፤ አልተነሡም።

«ያፍራሉ ብዬ ነበር» አሉ። «ሰው ፊት ሲነገር፣ ሰው አፍሮ ይቆማል ብዬ። ቀበሌ እንደዚያ ነበር የሚሠራው።»

ከዚያ በኋላ የዓርቡ ትምህርት ሳሳ። የልጆቹ ወላጆች «ጋሼ አመስግነናል» ብለው ቀሩ፤ ሌሎቹ ነገ ደግሞ የኔን ይናገራሉ ብለው ቀሩ። በመጨረሻ ሦስት አራት ሰው ስንሆን፣ አንዷ ሴትዮ እስክንድርያን እንዲደግሙላት ለመነቻቸው። ጋሽ መኩሪያ መጽሐፋቸውን ከፍተው ጥቂት ቆዩና ዘጉት።

«እነሱም እንደ እኛ ሳይሆኑ አይቀሩም» አሉ። «የሸሹት አልጻፉም እንጂ።»

በሚቀጥለው ዓርብ ክፍሉ አልተከፈተም። እኔም ክሬሰንት ታውን ቤት አግኝቼ ወጣሁ። አልፎ አልፎ ስልክ እደውልላቸው ነበር፤ «አለሁ፣ መስኮትህን ክፈት» ይሉኛል፣ ስልኩን ይዘጉታል።

እንግዲህ ስለ እኚህ ሰው ነው «ሰው ወዳድ» ብለህ ጨርስ የምባለው። ሊዲያ ላፕቶፑን ከጭኔ ላይ ወስዳ ወደ ታች እያወረደች ማንበብ ጀመረች። መጨረሻው ጋ ቆመች።

«ዋት ኢዝ ዚስ?»

«እውነት ነው።»

«'ስለ ሕፃናት ሲሉ የአንዲት እህትን ሕመም በጉባኤ ፊት ተናገሩ፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን እሷ ናት።' ይሄንን ነው ቀብር ላይ የምታነበው?»

«ስሟን አልጠራሁም።»

«መጥራት አለብህ? ኤቭሪባዲ ኖውስ።» ድምፏ ወረደ። «ስማ፣ እኔ ሌላ አባት አልጠየቅኩህም። አንድ ቀን ብቻ፣ ነገ ብቻ፣ ማንም ምንም የማይልበት አባት እንዲኖረኝ ነው የምፈልገው። ከነገ በኋላ ግጥምህን ጻፍ።»

«'አንዳንድ ፈተናዎች ቢገጥሟቸውም' ብንልስ?» አሉ አቶ ተስፋዬ።

በሩ ሁለቴ ተንኳኩቶ ተከፈተ። ጽጌ ናት። መምጣቷንም አላየንም ነበር፤ ሳሎን በሩ አጠገብ ተቀምጣ ኖሯል።

«ካፖርቴን ልወስድ ነው» አለች። ከዚያ ፊታችንን አየች። «ግድግዳው ስስ ነው፤ ስለ እኔ እንደሆነ ሰምቻለሁ። አንብብልኝ።»

ሊዲያ ላፕቶፑን ሰጠችኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ጽጌ ቆማ ሰማችኝ።

«ሰው ወዳድ ያልከው ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ ያስገባሁት» አሉ አቶ ተስፋዬ።

«አውጡት። ጋሼ ሰው አይወዱም ነበር። በሽታ ነበር የሚጠሉት። ይለያያል።» ወደ ላፕቶፑ ጠቆመች። «የኔንም አውጣው።»

«እትዬ ጽጌ፣ ይሄ እንዳይደበቅ ብዬ ነው። እውነት ነው እኮ።»

«እሳቸውም እውነት ነበር የተናገሩት። ውሸት ተናገሩ ያለ ሰው አለ? አንድ ጊዜ እዚያ ማይክ ላይ ማንም ሳይጠይቀኝ ተነግሬያለሁ። አሁን አንተ ልትደግመኝ ነው።»

አጠፋሁት። እያየችኝ ነው ያጠፋሁት።

ሊዲያ ካፖርቶቹ ላይ እንደተደገፈች፣ «አባዬ ይቅርታ ጠይቆሽ ያውቃል?» አለቻት።

«አያውቁም።»

«አንድ ጊዜም?»

«አንድ ጊዜም። ቅዳሜና እሁድ ግን ይመጡ ነበር።» ጽጌ ይህን የምትነግረው ለአልጋው ይመስል ነበር። «በሥራ ቀን ኪኒኑን ስውጥ ነርሷ በስልክ ቪዲዮ ታየኛለች። ቅዳሜና እሁድ የሚያየኝ የለም። እሳቸው ያንን አሠራር ያውቁታል። በሩን አንኳኩተው 'ዋጥሽ?' ይላሉ። ከውስጥ ሆኜ 'ዋጥኩ' እላለሁ። ይሄዳሉ። እኔ አልከፍትም፣ እሳቸውም ክፈቺ አይሉም። መድኃኒቱ እስኪያልቅ እንዲሁ ነበርን።»

«ሁልጊዜ ትውጪው ነበር?» አልኳት።

«አንዳንዴ ሳልውጥ ዋጥኩ እላቸዋለሁ። ከዚያ ኤሌቬተሩ ሲመጣ እሰማና፣ ሳይወርዱ ሄጄ እውጠዋለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ይቅር ብያቸው አይደለም።»

«ፋርማሲ እሄዳለሁ ይለኝ ነበር» አለች ሊዲያ። «ቅዳሜ ቅዳሜ። ራይድ ልስጥህ ስለው፣ ልራመድ ይለኛል።»

ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው መዝሙር ጀምሮ፣ ተከታይ አጥቶ ተወው። ሊዲያ እጇን ዘርግታ ላፕቶፑን ወደ እሷ አዞረችው። ጽሑፉን ከላይ ጀምራ አየችው።

«ቀበሌ የሚለውን ተወው» አለችኝ። «ይነበብ። አጎቶቼን እኔ አናግራቸዋለሁ።»

«መስኮት አስከፈቱ የሚለውስ?»

«እሱንም።»

አቶ ተስፋዬ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲህ ተስማማን። እህት ጽጌ፣ ነገ ትመጪያለሽ አይደል?»

«መቃብሩ ጋ እመጣለሁ» አለች። «ቸርች አልገባም።»

ካፖርቷን ከክምሩ ሥር ስባ አወጣች። በሩን ከፍታ ስትወጣ ከኋላዋ ሆኜ ሳሎኑን አየሁት። ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጧል፤ ሕፃን እንኳ የሚሾልክበት ቦታ አልነበረም። ጽጌ እጇን በካፖርቱ እጅጌ እያስገባች ስታልፍ ግን ጉልበቶች ታጠፉ፣ ወንበሮች ወደ ግድግዳው ተገፉ። አንዲት እናት ልጇን ከምንጣፉ ላይ አንሥታ ወደ ደረቷ ሳበችው። ከዳነች ዓመት አልፏታል፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። መንገድ ሰጧት፣ ለአንድ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ሰፊ መንገድ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች፣ ማንንም ሳታይ። ወጣች። በሩን እጀታውን ይዛ፣ እንዳይጮህ ቀስ አድርጋ ዘጋችው።